ከደለል ውስጥ ቫይረስ መቁጠር፦ ከድሬዳዋ ለመጣ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ የማይክሮባዮሎጂ ሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌን በጥልቅ ባሕር ደለል ውስጥ በሚኖሩ ባክቴሪያዎችና ቫይረሶች ላይ መሥራት እፈልጋለሁ። ጅቡቲ ያለ ዘመዴ ከባሕሩ ዳር ጭቃ ዝቆ በባቡር ሊልክልኝ ይችላል። በአንድ ግራም ጭቃ ውስጥ ቢሊዮን ቫይረስ አለ ይባላል። ለልምምድ የሐረማያን ሐይቅ ጭቃ በግራም ስቴይን (ባክቴሪያን በሚያቀልመው የተለመደ ዘዴ) ባየው ከጥቂት ባክቴሪያ በቀር ምንም የለም። በፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ ስሞክር ደግሞ ሁሉም ነገር አረንጓዴ ሆነብኝ። ምን አጠፋሁ? ከዚህ ሆኜስ ይህ ጥናት ይሠራል?

ምላሽ፦ ቀላሉን ላስቀድም። በግራም ስቴይን ቫይረስ አይታይም። ተራ የብርሃን ማይክሮስኮፕ ከ200 ናኖሜትር በታች ያለን ነገር ለይቶ አያሳይም፤ በደለል ውስጥ ያሉት ቫይረሶች ደግሞ በአብዛኛው ከዚያ ያንሳሉ። ፍሎረሰንስ የሚረዳን ዘረመሉ ላይ የተጣበቀው ቀለም ስለሚያበራ ነው። የምናየው የብርሃን ነጥብ ብቻ ነው፤ ቅርጽና ጭራ ማየት ከተፈለገ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል። ስለዚህ በመጀመሪያው ሙከራ ምንም አላጠፋሽም፤ መሣሪያው ለሥራው አልተፈጠረም። ሁለተኛው ግን የዚህ ሥራ ዋነኛ ችግር ራሱ ነው። የደለል ቫይረስ ቆጠራ የሚበላሸው ማይክሮስኮፑ ጋ ከመድረሱ በፊት፣ ቫይረሱን ከሸክላው ቅንጣት በማላቀቁና በማቅጠኑ ላይ ነው። ወደዚያ እመጣለሁ።

አስቀድሞ ግን ስለ ርዕስሽ። ከጅቡቲ ዳርቻ የተዛቀ ጭቃ የጥልቅ ባሕር ደለል ተብሎ አይጻፍም። ጥልቅ ባሕር የሚባለው ከ200 ሜትር በታች ያለው ሲሆን፣ የደለል ጥናቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩሩት ከ1,000 ሜትር በታች ባለው ላይ ነው። ዳር ላይ በዓመት ሚሊሜትሮች፣ አንዳንድ ቦታም ሴንቲሜትር ደለል ይከማቻል። ከየብስ በራቀው ጥልቅ ወለል ላይ ግን አንድ ሚሊሜትር ለመከማቸት ሺህ ዓመት የሚፈጅበት ቦታ ብዙ ነው። ዳር ላይ 10 ሴንቲሜትር ጭቃ የጥቂት ዓመታት ወይም የጥቂት ዐሥርት ዓመታት ክምችት ነው፤ እዚያ ግን ያው 10 ሴንቲሜትር መቶ ሺህ ዓመት ሊሆን ይችላል። ዳር ላይ ኦክስጅኑ በጥቂት ሚሊሜትር ውስጥ ያልቃል፤ በደቡብ ፓሲፊክ መሐል ግን ከደለሉ አናት እስከ ታችኛው ዐለት ድረስ ኦክስጅን አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣ ጥናት ከዚያው አካባቢ በተገኘ የ101.5 ሚሊዮን ዓመት ደለል ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ምግብ ሲሰጣቸው ተነሥተው ተባዝተዋል። ይህን ዓይነት ኑሮ በዳርቻ ጭቃ መወከል አይቻልም።

ናሙናው የተወሰደበት ቦታ ምን ያህል ቁጥር እንደሚለውጥ አንድ ምሳሌ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1998 ከባሕር ወለል በታች ያሉት ሕዋሶች ብዛት 3.55×10³⁰ ተብሎ ተገምቶ ነበር። ግምቱ የተነሣው በአብዛኛው ለየብስ ቅርብ ከሆኑና ምግብ ከሚበዛባቸው ቦታዎች ነው። ምግብ አልባ የሆኑት የውቅያኖስ መሐል አካባቢዎች ሲጨመሩ ቁጥሩ በ2012 ወደ 2.9×10²⁹ ወረደ፤ ከዐሥር እጅ በላይ ቀነሰ ማለት ነው። ገምጋሚ መምህር «ናሙናው ከየት ነው?» ብሎ ሲጀምር ነገር ፍለጋ አይደለም።

በዚያ ላይ ለእኛ ቅርብ የሆነው ጥልቅ ባሕር ራሱ ጠባዩ ለየት ይላል። የብዙ ውቅያኖሶች ጥልቅ ወለል ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ቀይ ባሕር ግን በደቡብ በኩል 137 ሜትር ገደማ ጥልቀት ባለው ደፍ ስለተዘጋ የሕንድ ውቅያኖስ ቀዝቃዛ የታች ውኃ አይገባበትም፤ በ2,000 ሜትር ጥልቀት እንኳ ሙቀቱ ወደ 21.5 ዲግሪ፣ ጨዋማነቱ በኪሎ 40 ግራም ገደማ ነው። አትላንቲስ ሁለት የሚባለው ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ደግሞ 68 ዲግሪ አካባቢ የሚሞቅ፣ ሩብ ያህሉ ጨው የሆነ ውኃ ተኝቷል። የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ግን የሚከፈተው ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ፣ በእርሱም በኩል ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ነው። ስለዚህ ከቀይ ባሕር ጥናት የተገኘን የሙቀትና የጨው ቁጥር ለጅቡቲ ጭቃ አትጠቀሚበት። ካርታውን ዘርግተሽ እዪው።

እንግዲህ በኔ አስተያየት ሁለት መንገድ አለሽ፤ አንዱን ምረጪ። እጅሽን ላብ ውስጥ ማሠልጠን ከፈለግሽ የሐረማያን ደለል ውሰጂና ርዕሱን በስሙ ጥሪው፦ ቫይረስን ከሐይቅ ደለል የማላቀቂያ ዘዴ ማመቻቸት። ጥልቅ ባሕር የሚለው ቃል ርዕሱ ላይ እንዲኖር ከፈለግሽ፣ ሌሎች በመርከብ ሄደው ያመጡትንና በነፃ የተለቀቀውን የዲኤንኤ መረጃ ተንትኚ። ሁለቱን በአንድ መመረቂያ ማጨቅ ሁለቱንም ያሳሳል። የላቡን በሰፊው እጽፋለሁ፤ ጥያቄሽ የተነሣው ከዚያ ነውና።

ናሙና አወሳሰድ። ከደንገጎ ወዲያ ሐረማያ ስትደርሺ ሐይቁ ደርቆ የነበረና በኋላ ውኃ የተመለሰበት መሆኑን አትርሺ። ከላይኛው ጥቂት ሴንቲሜትር በታች የሚገኘው ፀሐይ የሰነጠቀው፣ ከብት የረገጠው አፈር ሊሆን ስለሚችል እንደ ተራ የሐይቅ ደለል አይታይም። ከላይ ከ0 እስከ 1፣ ከ1 እስከ 3፣ ከ3 እስከ 5 ሴንቲሜትር ለይተሽ ውሰጂ፤ ቀለሙና ጥንካሬው በድንገት የሚለወጥበትን ቦታም መዝግቢ። መሣሪያው ውድ መሆን የለበትም፦ ከቧንቧ ዕቃ ቤት 5 ወይም 6 ሴንቲሜትር ስፋትና 50 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው የፕላስቲክ ቧንቧ፣ አንዱ ጫፉ በሞረድ የተሳለ፣ ከላይና ከታች የሚደፈን የጎማ ውታፍ። ቀስ ብለሽ ግፊው፤ ከመታሽው ደለሉ ይጨመቃል፣ ሴንቲሜትርሽም ውሸት ይሆናል። ከቧንቧው ግድግዳ ጋር የተነካካውን ዳር ተይና ከመሐሉ ብቻ ጫፉ በተቆረጠ መርፌ አልባ ሲሪንጅ ውሰጂ። ግድግዳው የላዩን ጭቃ ወደ ታች ስለሚጎትት ዳሩ ሁልጊዜ የተበከለ ነው።

ከእያንዳንዱ ንብርብር ሦስት ድርሻ አስቀምጪ። አንዱ ለቫይረስ፣ ምንም ሳይጨመርበት። አንዱ ለባክቴሪያ ቆጠራ፣ በመጨረሻ 2 በመቶ ፎርማሊን እንዲሆን ተደርጎ። አንዱ ለደረቅ ክብደት። የቫይረሱን ድርሻ በፎርማሊን ማቆየት የተለመደ ስሕተት ነው፤ በተቀመጠ ቁጥር ቁጥሩ ይወርዳል። ከሁሉ የሚሻለው በዚያው ዕለት ወይም በማግስቱ አላቅቆና አጣርቶ ስላይዱን ሠርቶ፣ ስላይዱን በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች ማስቀመጥ ነው። ስላይድ ከጭቃ ይልቅ ይቆያል።

የድሬዳዋ መብራት ነገር የታወቀ ነው። ፍሪዘሩ ሌሊት ቀልጦ ጠዋት እንደገና የበረደ እንደሆነ በዓይን አይታወቅም። አንድ ኩባያ ውኃ አብርጂና ሲጠጥር በላዩ ላይ ሃምሳ ሳንቲም አስቀምጪ፤ ሳንቲሙ በበረዶው መሐል ወይም ሥር ተገኝቶ ከሆነ ፍሪዘሩ በአንቺ አለመኖር ቀልጦ ነበር፤ ያ ናሙና ከሥራ ውጪ ነው። ረጅም ጊዜ በጥልቅ ቅዝቃዜ ማቆየት ካስፈለገ ለከብት ማዳቀያ ፈሳሽ ናይትሮጅን የሚይዙትን የእንስሳት ሀብት ሰዎች ጠይቂ፤ ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ ጊዜ የማያስታውሱት ምንጭ ነው።

አሁን ወደ ማላቀቁ። ቫይረስ በሸክላና በኦርጋኒክ ቅንጣት ላይ በኤሌክትሪክ ኃይል ተጣብቆ ይኖራል፤ በውኃ ብታጥቢው አብዛኛው እዚያው ይቀራል። የሚያላቅቀው ቴትራሶዲየም ፓይሮፎስፌት ነው። ከጠርሙሱ ላይ ዓይነቱን አንብቢ፦ 10 ውኃ የያዘው ከሆነ 4.46 ግራም፣ ደረቁ ከሆነ 2.66 ግራም በ100 ሚሊሊትር የተጣራ ውኃ ሲሟሟ 100 ሚሊሞላር ይሆናል። ሁለቱን ማምታታት የፈሳሹን ጥንካሬ ወደ ሁለት እጅ በሚጠጋ ያዛባል። በባሕር ውኃ ውስጥ አታሟሚው፤ ካልሲየምና ማግኒዥየም ይዘው ነጭ አድርገው ያዘቅጡታል። ይህንንም ሆነ ማንኛውንም የምትጠቀሚበትን ፈሳሽ፣ ቀለሙን ማቅጠኛ ጭምር፣ በ0.02 ማይክሮሜትር የሲሪንጅ ማጣሪያ አሳልፊ። 0.2 ማይክሮሜትር ያለው የተለመደው ማጣሪያ ቫይረስ ያሳልፋል፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ዜሮ ሲጠፋበት ሳያይ ያልፋል።

0.5 ግራም እርጥብ ደለል 15 ሚሊሊትር በሚይዝ ቱቦ መዝኚ። ለሐይቅ ደለል የሐይቁን ውኃ በ0.02 አጣርተሽ፣ ለባሕር ደለል ደግሞ በሊትር 35 ግራም ጨው ያለው የተጣራ ውኃ እስከ 4.75 ሚሊሊትር ጨምሪ። የባሕር ናሙናን በተራ የተጣራ ውኃ ማቅጠን ሕዋሱን ያፈነዳዋል፤ የፈሰሰው ዲኤንኤ በኋላ አረንጓዴ ጭጋግ ሆኖ ይጠብቅሻል። ከዚያ ከፓይሮፎስፌቱ 0.25 ሚሊሊትር ሲጨመር ጠቅላላው 5 ሚሊሊትር፣ ፓይሮፎስፌቱም 5 ሚሊሞላር ይሆናል። 15 ደቂቃ ጨለማ ውስጥ አስቀምጪው፤ በየመሐሉ አንቀጥቅጪው።

ቀጥሎ ሶኒኬተር፣ ማለትም በድምፅ ሞገድ የሚያናውጥ የውኃ ገንዳ፦ አንድ ደቂቃ፣ 30 ሴኮንድ ዕረፍትና በእጅ መነቅነቅ፣ በድምሩ ሦስት ጊዜ። ድሬዳዋ ላይ የሶኒኬተሩ ገንዳ ውኃ ገና ሳይጀመር ሞቆ ነው የሚጠብቅሽ፤ ሲሠራም የበለጠ ይሞቃል። በረዶ የሠራ ሁለት የሃይላንድ ጠርሙስ ገንዳው ውስጥ ጨምሪና በቴርሞሜትር እያየሽ ከ10 ዲግሪ በታች ያዢው። ሦስት ደቂቃ የሚለው ቁጥር መነሻ እንጂ ሕግ አይደለም፤ የየገንዳው ጉልበት ይለያያል። ከአንዱ ናሙና አምስት ቱቦ አዘጋጂና 0፣ 1፣ 3፣ 5፣ 8 ደቂቃ አሠሪ። ቁጥሩ መጀመሪያ ይወጣል፣ ጫፍ ይደርሳል፣ ከዚያ ይወርዳል፤ መውረዱ ቫይረስ መሰበሩን፣ ባክቴሪያም መፈንዳቱን ይነግርሻል። ይህ ኩርባ ብቻውን የመመረቂያ ጽሑፍሽ አንድ ምዕራፍ ይሆናል። ለራስሽ ገንዳ የሠራሽው ስለሆነም ከማንም ጽሑፍ ከተቀዳ ቁጥር ይበልጣል።

በ800 ጂ (የመሬት ስበት 800 እጅ) ለ10 ደቂቃ በሴንትሪፊውጅ አሽከርክሪና ከላይ ያለውን ፈሳሽ ወደ ንጹሕ ቱቦ ገልብጪ። ዝቃጩን አትጣዪ፤ ያንኑ ሥራ በአዲስ ፈሳሽ ሁለት ጊዜ ድገሚበት። የሦስተኛው እጥበት ቁጥር ከጠቅላላው ከ10 በመቶ ካነሰ በቂ ነው፤ ካልሆነ ሸክላው ገና ይዞብሻል ማለት ነው። ዘዴሽ ከተቀመጠው ስንቱን እንደሚያወጣ ለመፈተን ቲ4 የሚባለውን የኢ. ኮላይ ቫይረስ በታወቀ መጠን ጭቃው ላይ ጨምረሽ፣ አላቅቀሽ በፕላክ ቆጠራ (ቫይረሱ አጋር ላይ በበቀለ ባክቴሪያ መሐል የሚከፍታቸውን ባዶ ቦታዎች በመቁጠር) ስንቱ እንደተመለሰ እዪ። ይህ ማይክሮስኮፕም ውድ ማጣሪያም የማይጠይቅ፣ አጋር ባለበት ላብ ሁሉ የሚሠራ ፈተና ነው። ሆኖም አሁን የጨመርሽው ቫይረስ ለብዙ ዘመን ከተጣበቀው ይልቅ በቀላሉ ይላቀቃልና፣ የምታገኚው መቶኛ ከፍተኛው ጣሪያ ነው ብለሽ ጻፊ።

የአረንጓዴው ጭጋግ መድኃኒት ዲኤንኤዝ፣ ማለትም ዲኤንኤን የሚቆራርጥ ኢንዛይም፣ እና ማቅጠን ናቸው። በደለል ውስጥ ከሕዋስ ውጪ የሚንሳፈፍ ብዙ ዲኤንኤ አለ፤ ቀለሙ ያንንም ያበራዋል። ፈሳሹን መጀመሪያ 20 እጅ አቅጥኚ፣ ከዚያ ዲኤንኤዝ አንድን በሚሊሊትር ከ2 እስከ 5 ዩኒት፣ ማግኒዥየም ክሎራይድንም 5 ሚሊሞላር አድርገሽ ጨምሪና 15 ደቂቃ በክፍሉ ሙቀት ተይው። ቅደም ተከተሉን አትለውጪ። ዲኤንኤዝ ያለ ማግኒዥየም አይሠራም፣ ፓይሮፎስፌት ደግሞ ማግኒዥየምን ይዞ ያስቀራል፤ ሳታቀጥኚ ብትጨምሪው ኢንዛይሙ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ከዚያ እንደገና 10 እጅ አቅጥኚ፤ በድምሩ 200 እጅ።

ከዚህ 1 ሚሊሊትር በአኖዲስክ፣ ማለትም 25 ሚሊሜትር ስፋትና 0.02 ማይክሮሜትር ቀዳዳ ባለው የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ማጣሪያ ላይ አሳልፊ። ከሥሩ 0.45 ማይክሮሜትር የሆነ እርጥብ ተራ ማጣሪያ ይነጠፋል። የቫኪዩሙ ኃይል ከ20 ኪሎፓስካል አይለፍ። ማጣሪያው እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ነው፤ በዙሪያው ያለውን የፕላስቲክ ቀለበት ብቻ በመቆንጠጫ ያዢ፣ ፓምፑንም ሳታጠፊ አንሺው። ሳይበር ጎልድ የሚባለው ዘረመልን የሚያበራ ቀለም ከዋናው 400 እጅ ቀጥኖ 100 ማይክሮሊትር ፔትሪ ዲሽ ላይ ይንጠባጠባል፤ ማጣሪያው ፊቱ ወደ ላይ ሆኖ ጠብታው ላይ ይቀመጥና 15 ደቂቃ በጨለማ ይቆያል። ቀለሙን ከሥር ይጠጣዋል። በተጣራ ውኃ አለቅልቀሽ አድርቂው፤ ግሊሰሪንና ፒቢኤስ (የፎስፌት ጨው ውሕድ) እኩል በእኩል፣ 0.5 በመቶ አስኮርቢክ አሲድ የተጨመረበትን 30 ማይክሮሊትር ከሥርና ከላይ አድርገሽ በሽፋን መስታወት ክደኚ። አስኮርቢክ አሲዱ በየዕለቱ አዲስ ይሁን፤ ያደረ ከሆነ ነጥቦቹ ዓይንሽ እያየ ይደበዝዛሉ።

ማይክሮስኮፑ ሰማያዊ ብርሃን፣ 100 እጅ የሚያጎላ የዘይት ሌንስና 1.3 ያህል የብርሃን መሰብሰቢያ ቁጥር ያስፈልገዋል። ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ በየጤና ተቋሙ የሚሠራበት ባለ ኤልኢዲ ፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ ባክቴሪያውን ያሳይሻል፤ ለቫይረስ ግን ብርሃኑ ስለሚያንስ አልመክርም። ቢያንስ 20 መስክ፣ በጠቅላላው ከ200 ያላነሰ፣ ቢቻል 400 ነጥብ ቁጠሪ። ትልቁና ደማቁ ሕዋስ፣ እንደ መርፌ ጫፍ የቀጠነው ቫይረስ ነው። በመሐል የሚያጠራጥር ይኖራል፤ ከሕዋስ የሚወጡ ከረጢቶችም ዲኤንኤ ከያዙ ያበራሉ። ስለዚህ በጽሑፍሽ «ቫይረስ መሰል ቅንጣት» በዪ። አርኤንኤና ነጠላ ዘርፍ ዲኤንኤ ያላቸው ቫይረሶች በዚህ ቀለም ደብዝዘው ስለሚታዩ አብዛኞቹ ከቆጠራው ውጪ ይቀራሉ።

የአንዱ እጥበት ስሌት እንዲህ ነው፤ የሦስቱ እጥበት ውጤት ይደመራል። ፈሳሽ ያለፈበት የማጣሪያ ክብ ስፋት 19 ሚሊሜትር ቢሆን (የራስሽን ማጣሪያ ዕቃ በማስመሪያ ለኪ፤ 25 ብለሽ አታስቢ) የቆዳ ስፋቱ 283.5 ካሬ ሚሊሜትር ነው። የዓይን መነጽሩ ፍርግርግ 0.01 ካሬ ሚሊሜትር ከሸፈነ ማባዣው 28,350 ይሆናል። በአንድ ፍርግርግ በአማካይ 25 ነጥብ ካገኘሽ ማጣሪያው ላይ 708,750 አለ። በ200 ስታባዢው በሚሊሊትር 1.42×10⁸፤ በ5 ሚሊሊትር 7.1×10⁸፤ ለ0.5 ግራም ሲካፈል በእርጥብ ግራም 1.42×10⁹። ጭቃው 60 በመቶ ውኃ ከሆነ ለ0.4 አካፍዪው፤ በደረቅ ግራም 3.5×10⁹ ይሆናል። በጥልቅ ባሕር ደለል የሚጻፈው ቁጥር ሲሰፋ ከ10⁷ እስከ 10¹⁰ በደረቅ ግራም ነው። «ቢሊዮን» ያልሽው ከዚህ ይመጣል፤ ግን በእርጥብ፣ በደረቅ ወይስ በሚሊሊትር መሆኑን ሳያዩ ሁለት ጽሑፎችን ማነጻጸር የተለመደ ጥፋት ነው። ለደረቅ ክብደት 60 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ድረስ አድርቂ፤ የባሕር ጭቃ ከሆነ የደረቀውን ጨው ቀንሺ።

ቁጥርሽን ከማመንሽ በፊት ሁለት ነገር ፈትሺ። አንደኛው ባዶ ናሙና ነው፦ ጭቃ ሳይኖር ሁሉንም ደረጃ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያለፈ ቱቦ። የባዶው ቁጥር ከናሙናው 5 በመቶ ካለፈ ከፈሳሾችሽ አንዱ አልተጣራም፤ አንድ በአንድ እየቀየርሽ ፈልጊው። በነፋሻ ወራት መስኮት ክፍት ከሆነ የደቻቱ ወንዝ አቧራም ይገባበታል፤ አቧራ ግን ብዙውን ጊዜ ቢጫ ሆኖና ቅርጹ ተሰባብሮ ይታወቃል። ሁለተኛው የማቅጠን ፈተና ነው። ያንኑ ፈሳሽ 100፣ 200 እና 500 እጅ አቅጥነሽ ቁጠሪና በየማቅጠኛው አባዢ። ሦስቱ መቀራረብ አለባቸው። ባቀጠንሽ ቁጥር የተባዛው ውጤት እየጨመረ ከሄደ፣ በወፍራሙ ላይ ቫይረሱ በሸክላ ቅንጣት ሥር ተሸፍኖ ነበር ማለት ነው። የአንቺ አረንጓዴ ስላይድ ይህንን ነው የሚመስለው። ከ500 በላይ ሄደሽም ካልተቀራረበ ችግሩ ማቅጠን ሳይሆን ዲኤንኤዙ ነው።

አኖዲስክ ውድ ነው፣ ከውጭም ይታዘዛል። እሱ ካልተገኘ ብዛታቸው የታወቀ ጥቃቅን የሲሊካ እንክብሎችን ከቀለም ከተነከረው ፈሳሽ ጋር ቀላቅሎ በአንድ ስላይድ ላይ ማየት ይቻላል። የቫይረሱ ነጥብ ለእንክብሉ ያለው ጥምርታ ብዛቱን ይሰጣል። በሚሊሊትር ከ10⁷ በላይ ለሆነ ፈሳሽ ይሠራል፤ የደለል ፈሳሽ ደግሞ ብዙ ሳይቀጥን እዚያ ይደርሳል።

ቆጠራው ለምን ይህን ያህል ልፋት ይገባዋል ላለ ገምጋሚ መልሱ እ.ኤ.አ. በ2008 ከወጣ ጥናት ይገኛል። በጥልቅ ባሕር ደለል ውስጥ ቫይረሶች የባክቴሪያንና የአርኬያን (ባክቴሪያ መሰል ሌላ የሕዋስ ወገን) ምርት 80 በመቶ ያህል ይቀጫሉ፤ ከ1,000 ሜትር በታች ከሞላ ጎደል ሁሉንም። ሕዋሱ ሲፈነዳ በዓመት ከ0.37 እስከ 0.63 ጊጋቶን ካርቦን ተመልሶ ወደ ጭቃው ይገባና የቀሩትን ይመግባል። ከላይ የሚዘንበው ምግብ ጥቂት በሆነበት ወለል ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ይህ ከቆጠራ ብቻ አይገኝም። በየሦስት ሰዓቱ የተቆጠረ የቫይረስ ዕድገት፣ ናሙናው በተነሣበት ሙቀት ይፈልጋል። አንድ ጊዜ ቆጥረሽ «ቫይረሱ ይህን ያህል ባክቴሪያ ይገድላል» ብለሽ እንዳትጽፊ።

ሁለተኛውን መንገድ በአጭሩ። ባክቴሪያን ለመለየት 16ኤስ የሚባለው ዘረመል አለ፤ ለቫይረስ ሁሉ የሚያገለግል እንዲህ ያለ የጋራ ዘረመል የለም። ስለዚህ የሚሠራው በጠቅላላ የዲኤንኤ ንባብ ነው። ከኤንሲቢአይ (የአሜሪካ የዘረመል መረጃ ማእከል) ማኅደር ጥሬውን ንባብ ለማውረድ አትሞክሪ፤ አንዱ ናሙና ብቻውን በዐሥር የሚቆጠር ጊጋባይት ሊሆን ይችላል፤ በመሐል ኔትወርክ ሲቋረጥም እንደገና ነው። የተገጣጠመውን ረጅም ቁራጭ፣ ኮንቲግ የሚባለውን፣ ውሰጂ። ከ10,000 ቤዝ በታች ያለውን አስወግጂ፤ ጂኖማድ ወይም ቫይርሶርተር 2 ቫይረሱን ይለያል፣ ቼክቪ ደግሞ ምን ያህሉ ሙሉ እንደሆነና ጫፉ ላይ የባክቴሪያ ዘረመል ተንጠልጥሎ እንደሆነ ያሳያል። በ85 በመቶ ርዝመታቸው ላይ 95 በመቶ የሚመሳሰሉትን እንደ አንድ ቁጠሪ። አብዛኞቹ ከታወቀ ቫይረስ ጋር አይገጥሙም፤ ስም ለመስጠት አትቸኩዪ። ናሙናው ከመነበቡ በፊት በኤምዲኤ (ዲኤንኤን በኢንዛይም በሚያበዛ ዘዴ) ተባዝቶ ከሆነ ትንንሽ ክብ ነጠላ ዘርፍ ቫይረሶች ከልክ በላይ ይበዙበታልና፣ ካልተባዛው ጋር አንድ ሠንጠረዥ ውስጥ አታስገቢው። የናሙናው ጥልቀት በሜትር፣ ከወለሉ በታች ስንት ሴንቲሜትር እንደሆነም ያልተጻፈበትን መረጃ ዝለዪው።

የሐረማያን ዲኤንኤ ለንባብ ወደ ውጭ ለመላክ ካሰብሽ የጄኔቲክ ሀብት አዋጅ ቁጥር 482/1998 አለ፤ ፈቃዱ የሚጠየቀው ከኢትዮጵያ ብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። ለጅቡቲም ጭቃ ቢሆን ከዘመድ ደግነት ባሻገር የአገሩ ፈቃድ በወረቀት ያስፈልግሻል፤ ያለዚያ ጆርናሉ ሊመልሰው ይችላል። ማጣሪያውንና ሳይበር ጎልዱን ፕሮፖዛሉ እስኪጸድቅ ሳትጠብቂ በአማካሪሽ በኩል እዘዢ። ሳይበር ጎልዱ ሲደርስ በቀዝቃዛ ሳጥን መምጣቱን አይተሽ ተረከቢ፤ በ20 ማይክሮሊትር በጥቁር ቱቦ ከፋፍለሽ አብርጂው፣ የቀለጠውን ቱቦም መልሰሽ አታብርጂ።